ክሬዲቱ የተበላሸበት ሰው ቤት ሲከራይ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ሆናችሁ የምትከታተሉን ወገኖቻችን፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ቤት ኪራይ ነው። በተለይ ክሬዲታቸው ተበላሽቶ "ባመለክትም አይቀበሉኝም" በማለት ተስፋ ቆርጠው በዘመድ ሳሎን ወይም ውል በሌለው ቤዝመንት ውስጥ የተቀመጡትን አስበን ያዘጋጀነው ነው። የምትጽፏቸው ስልክ ቁጥሮች ስላሉ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ክሬዲቱ የተበላሸ ሰው ቤት ያገኛል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ስለ ራሱ ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ፣ ምን እንደሚጠየቅም ሳይጠይቅ፣ የማመልከቻውን ገንዘብ ከፍሎ ዕድሉን ስለሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ሪፖርታችሁን አከራዩ ከማየቱ በፊት እናንተ እዩት። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

አከራይ ስለ እናንተ የሚያጣራው ከየት ነው? አሜሪካ ውስጥ የሰውን የብድርና የዕዳ ታሪክ የሚይዙ ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ፤ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን። ከእነሱ በተገኘው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ይሰላል፤ ዝቅተኛው 300፣ ከፍተኛው 850 ነው። ከዚህ ስሌት 35 በመቶውን የሚይዘው ክፍያን በጊዜው የመክፈል ታሪካችሁ ሲሆን፣ 30 በመቶውን ደግሞ ያለባችሁ የዕዳ መጠን ይይዛል። ከዚህ ሌላ የተከራይን ታሪክ ብቻ የሚያጣሩ ድርጅቶች አሉ። እነሱ የክሬዲት ሪፖርቱን ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋር፣ በተለይም ከቤት ይውጣልኝ ተብሎ ከሚቀርብ ክስ ጋር አዳብለው ለአከራዩ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ዝርዝሩን ትተው "ተቀበል" ወይም "አትቀበል" የሚል መልስ ብቻ ይልካሉ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሕንፃ የሚያስተዳድር ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ፊት ለፊት የምታገኙት ሠራተኛ ቢያዝንላችሁም ኮምፒውተሩ ያወጣውን ውጤት ለመለወጥ ብዙ ሥልጣን የለውም። አንድ ወይም ሁለት ቤት ያለው ግለሰብ ግን ደብዳቤያችሁን ያነባል፤ ይጠይቃል፤ ያመዛዝናል። ክሬዲቱ የተበላሸ ሰው ፍለጋውን ከግለሰብ አከራዮች ቢጀምር ይሻለዋል የምለውም ለዚህ ነው።

ወደየትም ብትሄዱ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መስፈርቱን ጠይቁ። ዝቅተኛው ነጥብ ስንት ነው? ኮሌክሽን (ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) የገባ ዕዳ ካለ በቀጥታ ነው የምትጥሉት ወይስ ዓይነቱን ታያላችሁ? ገቢ ከኪራዩ ስንት እጥፍ መሆን አለበት? ዋስ ትቀበላላችሁ? ዲሲ ውስጥ አከራይ ክፍያ ከመጠየቁ በፊት ክፍያው ስንት እንደሆነና አመልካች በምን ምክንያት ሊከለከል እንደሚችል እንዲያሳውቅ ሕጉ ያስገድደዋል። በቨርጂኒያ የማመልከቻ ክፍያ ከ50 ዶላር መብለጥ አይችልም፤ ለአጣሪው ድርጅት የሚከፈለው ትክክለኛ ወጪ ግን ለብቻው ሊታሰብ ይችላል። በየሕንፃው እየከፈሉ አራትና አምስት ቦታ ከመከልከል፣ አምስት ስልክ ደውሎ አንድ ቦታ ማመልከት ይሻላል።

አሁን ሪፖርቱን እናውጣ። ሦስቱም ድርጅቶች በየሳምንቱ በነፃ እንድታዩት ይፈቅዳሉ። በኢንተርኔት አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በሚባለው አድራሻ፣ በስልክ ደግሞ በ877 322 8228 ይገኛል። የራስን ሪፖርት ማየት ነጥብ አይቀንስም። ሦስቱንም አውጡ፤ በአንዱ ላይ የሌለ ስህተት በሌላው ላይ ሊኖር ይችላልና።

ሪፖርቱ እጃችሁ ሲገባ ወደ ዕዳው ዝርዝር ከመሮጣችሁ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ እዩ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የኖራችሁበት አድራሻ የሚጻፈው እዚያ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ገጽ ከማንም በላይ በጥንቃቄ ማየት ያለብን ሕዝብ ነን። የቤተሰብ ስም የለንም፤ እዚህ ስንመጣ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም በመጨረሻው ቦታ ላይ ያስመዘግባል። ተስፋዬ፣ ከበደ፣ ኃይሌ የሚሉት ስሞች የስንት ሰው ስም እንደሆኑ ታውቃላችሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ አንዱ ስም በመንጃ ፈቃድ ላይ አንድ ዓይነት፣ በባንክ ሌላ ዓይነት ይሆናል። በስደተኛነት ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። የኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲለውጡ በዓመት የተሳሳተባቸውም አሉ። ስሙ የሚመሳሰል፣ የልደት ቀኑም ጃንዋሪ 1 የሆነ ሌላ ሰው በዚያው ከተማ ቢኖር የሱ ዕዳ በእናንተ ሪፖርት ላይ ሊያርፍ ይችላል።

በስም መመሳሰል ብቻ ሰው እንደሚጎዳ በፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ አለ። በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰርጂዮ ራሚሬዝ የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋር መኪና ሊገዛ ሄዶ ተከለከለ። ምክንያቱ ትራንስዩኒየን ያወጣው ሪፖርት ላይ ስሙ የአሜሪካ መንግሥት ከእነሱ ጋር ንግድ እንዳይደረግ ከከለከላቸው ሰዎች ስም ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ምልክት ስለተደረገበት ነው። የልደት ቀኑን ያነጻጸረ አልነበረም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ሲወሰን፣ እንደሱ የተሳሳተ ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው ሰዎች በእርግጥ ጉዳት ደርሶባቸዋል ተባለ። በ2023 ደግሞ የትራንስዩኒየን የተከራይ ማጣሪያ ክፍል የፍርድ ቤት መዝገቦችን በትክክል ሳያጣራ ለአከራዮች በመስጠቱ ከመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ጋር በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የማታውቁት ነገር ስታዩ "ኮምፒውተር አይሳሳትም" ብላችሁ አትለፉት።

የማታውቁት ዕዳ፣ ያልኖራችሁበት አድራሻ ወይም ከፍላችሁ የጨረሳችሁት ሂሳብ አልተከፈለም ተብሎ ካገኛችሁ ሪፖርቱን ላወጣው ድርጅት አቤቱታ አቅርቡ። በ1970 የወጣው የፌዴራል የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ድርጅቱ አቤቱታውን በነፃ እንዲያጣራ ያስገድደዋል፤ በአብዛኛው 30 ቀን ይሰጠዋል። ማስረጃችሁን ቅጂ አድርጋችሁ ላኩ፤ ዋናውን ከእጃችሁ አታውጡ። በፖስታ ከሆነ መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ያለውን አላላክ ተጠቀሙ። አንድ ወር ስለሚፈጅ ይህ ሥራ ሊዛችሁ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚጀመር አይደለም። ሌብነት ፈርታችሁ ክሬዲታችሁን ያስቆለፋችሁም ካላችሁ፣ ለማመልከቻው መክፈት ያስፈልግ እንደሆነ አከራዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዕዳው የራሳችሁ ከሆነስ? ሁሉም ዕዳ በአከራይ ዓይን እኩል አይደለም። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ቅድሚያውን ለቀድሞ አፓርታማ ለቀረባችሁ ዕዳ ስጡ። አከራይ የሆስፒታል ዕዳ ያለበትን ሰው ሊረዳው ይችላል፤ የኪራይ ዕዳ ትቶ የወጣን ሰው ግን "እኔንም እንዲሁ ያደርገኛል" ብሎ ነው የሚያስበው። ለዚያ ዕዳ ሰብሳቢውን ድርጅት አነጋግራችሁ ተስማሙ፤ ስምምነቱን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። ያ ደብዳቤ ነጥባችሁ ከፍ እስኪል ሳትጠብቁ የምታሳዩት ማስረጃ ነው።

የሕክምና ዕዳን በተመለከተ ብዙዎቻችን ያልሰማነው ለውጥ አለ። ሦስቱ ድርጅቶች ተከፍሎ ያለቀ የሕክምና ኮሌክሽንን ከ2022 ጀምሮ፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከሪፖርት ላይ አውጥተዋል። አንድ ዓመት ያልሞላው የሕክምና ዕዳም አይጻፍም። እንዲህ ያለ ነገር አሁንም ተጽፎ ካያችሁ አቤቱታ አቅርቡ።

ሌላው መጥፎ መረጃ በአብዛኛው ከ7 ዓመት በላይ ሪፖርት ላይ አይቆይም፤ አንዱ ዓይነት የኪሳራ ውሳኔ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው መጀመሪያ ክፍያ ካቋረጣችሁበት ጊዜ ነው። ዕዳው ለሌላ ሰብሳቢ ቢሸጥም ቆጠራው እንደ አዲስ አይጀምርም።

በአጭር ጊዜ ነጥብ ሊያሻሽል የሚችለው የክሬዲት ካርድ ሂሳብ ነው። 1,000 ዶላር ገደብ ባለው ካርድ ላይ 900 ዶላር ከተጠቀማችሁ ነጥባችሁ ይወርዳል። ባንኩ በአብዛኛው ሪፖርት የሚያደርገው የወሩ ሂሳብ በተዘጋበት ቀን ላይ የነበረውን ቀሪ ነው። ስለዚህ ከመክፈያው ቀን ሳይሆን ሂሳቡ ከሚዘጋበት ቀን ቀደም ብላችሁ ብትከፍሉ በሚቀጥለው ወር ሪፖርት ላይ ለውጡ ሊታይ ይችላል።

አሁን ደግሞ መጥፎ ሳይሆን ጭራሽ ምንም ክሬዲት ስለሌላቸው ወገኖች ላንሳ። ይህ የማኅበረሰባችን ትልቅ ችግር ነውና ሰፋ አድርጌ ልናገር። እቁብ ውስጥ ለዓመታት አንድ ዙር ሳያሳልፍ የከፈለ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ቤዝመንት ተከራይቶ በየወሩ መጀመሪያ ኪራዩን በእጅ የሚሰጥም እንዲሁ። በኛ ዘንድ እነዚህ ሰዎች የታመኑ ናቸው። ለክሬዲት ድርጅቶቹ ግን የሉም፤ እቁቡም በእጅ የተሰጠው ኪራይም የትም አልተመዘገበም። ባንክ ውስጥ ያላችሁ ገንዘብም ቢሆን ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ኪራያችሁን ዱካ በሚተው መንገድ ክፈሉ። ቼክ ወይም ዜል ይሁን፤ ማስታወሻው ቦታ ላይ "የሜይ ወር ኪራይ" ብላችሁ ጻፉ። የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት ላይ በየወሩ አንድ ዓይነት ገንዘብ ለአንድ ሰው ሲወጣ የሚታይ ከሆነ፣ ከአከራያችሁ ደብዳቤ ጋር አያይዛችሁ ስታቀርቡት ግለሰብ አከራይ ከክሬዲት ነጥብ የበለጠ ሊያምነው ይችላል።

የገቢ ማስረጃም እንዲሁ ነው። ብዙ አከራዮች የወር ገቢ ከኪራዩ 3 እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። የደመወዝ ወረቀት ያለው ሰው ይቀለዋል፤ ኡበርና ታክሲ የሚነዱት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ግን የግብር ወረቀታቸው ይጎዳቸዋል። እንበልና አንድ አሽከርካሪ በዓመት 62,000 ዶላር እጁ ገባ። በሥራ ላይ 30,000 ማይል ነዳ። በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ስለሚቀነስ ከገቢው ላይ 21,000 ይወርድና የተጣራ ገቢው 41,000 ሆኖ ይጻፋል። በወር 3,416 ዶላር ማለት ነው፤ በሦስት እጥፍ ስሌት ከ1,138 ዶላር በላይ መከራየት አይችልም። ባንኩ ውስጥ በየወሩ የገባው ግን ከ5,100 በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የግብር ወረቀቱን ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። የ6 ወር ወይም የ12 ወር ስቴትመንት፣ ኩባንያው የሚሰጠው 1099 የተባለ የገቢ ቅጽ እና የዓመቱ የገቢ ማጠቃለያ አብረው ይቅረቡ። ማይሉ ከገቢ ላይ ቢቀነስም ሁሉም ከኪስ የወጣ ጥሬ ገንዘብ እንዳልሆነ በሁለት መስመር አስረዱ።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ክሬዲቱ የተበላሸበት ሰው ማመልከቻው ላይ አጭር የማብራሪያ ደብዳቤ ማያያዝ አለበት። ልመና አይብዛበት፤ ረጅም የሕይወት ታሪክም አይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦

"በክሬዲት ሪፖርቴ ላይ በ2023 ክፍያቸው የተቋረጠ ሁለት የክሬዲት ካርድ ሂሳቦች ታያላችሁ። በዚያ ዓመት ከሥራ ተቀንሼ ለአምስት ወር ገቢ አልነበረኝም። አንዱን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ የተዘጋበትን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ሁለተኛውን በስምምነት በወር 75 ዶላር እየከፈልሁ ነው። በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይ አላቋረጥሁም። የ12 ወር የኪራይ ክፍያ የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት፣ የአሁኑ አከራዬ ደብዳቤና የሁለት ወር የደመወዝ ወረቀት አብረው ይገኛሉ።"

ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደተደረገበት፣ ለኪራዩ ማስረጃው ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል አለ። በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚያግዛችሁ ልጅ ወይም ጎረቤት ካለ አስጽፉት፤ የተጻፈው ሁሉ ግን እውነት ይሁን።

ብዙ ጊዜ "ትልቅ ዲፖዚት ስጥ፣ ይቀበሉሃል" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። በአካባቢያችን ይህ ብዙም አይሠራም። ዲሲ ውስጥ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ሜሪላንድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአብዛኛው ወደ አንድ ወር አውርዶታል። ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ይፈቅዳል። የሦስትና የአራት ወር ዲፖዚት አምጡ የሚላችሁ ካለ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ ቤቱን ሳታዩ ገንዘብ ላኩ የሚለውማ አጭበርባሪ ነው።

ከዲፖዚት ይልቅ የሚጠቅመው ዋስ ነው። ገቢና ክሬዲት ያለው ዘመድ ሊዙ ላይ ይፈርማል። ይሁን እንጂ ዋሱ የሚፈርመው ለምን እንደሆነ በግልጽ ይነገረው። እናንተ ካልከፈላችሁ ሙሉውን ኪራይ ከሱ መጠየቅ ይችላሉ፤ የሱም ክሬዲት አብሮ ይበላሻል። እንደ ለቅሶ ቤት ፊርማ ቀላል ነገር አስመስሎ ሰውን ማስፈረም ነውር ነው።

ብትከለከሉ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። አከራዩ በሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ከከለከላችሁ፣ ዋስ ከጠየቃችሁ ወይም ዲፖዚት ከጨመረባችሁ ይህን ማሳወቅና ሪፖርቱን ያወጣውን ድርጅት ስምና አድራሻ መስጠት አለበት። ያንን ማስታወቂያ በጽሑፍ ጠይቁ። እናንተም በ60 ቀን ውስጥ ከዚያ ድርጅት የሪፖርቱን ቅጂ በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ። የተከለከላችሁት ከብዙ ዓመት በፊት በተዘጋ የቤት ክስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዲሲ በ2022 ባወጣው ሕግ መሠረት ተከራዩ እንዲወጣ ያልተፈረደበት ክስ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ፣ የተፈረደበት ደግሞ ከ3 ዓመት በኋላ መዝገቡ እንዲታሸግ ይደረጋል።

ዲሲ የምትኖሩ የተከራዮች ተሟጋች ቢሮ የሚባለው የከተማው መሥሪያ ቤት በነፃ ያማክራችኋል። በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የትም ግዛት ሁኑ በመንግሥት የተፈቀደላቸውን የቤት ጉዳይ አማካሪዎች በ800 569 4287 ማግኘት ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ። "ሲፒኤን" ብለው እንደ ሶሻል ሴኩሪቲ ያለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር የሚሸጡ አሉ። እሱን ሶሻል ነው ብሎ ማመልከቻ ላይ መጻፍ ወንጀል ነው፤ ብዙ ጊዜም ቁጥሩ የሕፃን ልጅ ወይም የሞተ ሰው ሆኖ ይገኛል። የሐሰት የደመወዝ ወረቀት አዘጋጅቶ ማቅረብም ማጭበርበር ነው፤ የመኖሪያ ወይም የዜግነት ጉዳይ ላለበት ሰው ደግሞ መዘዙ ከቤት ማጣት ይከፋል። ክሬዲት እናስተካክላለን ብለው ሥራው ሳይሠራ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶችም የፌዴራል ሕግ ይጥሳሉ። ትክክለኛ ዕዳን ከሪፖርት ላይ በገንዘብ የሚያስፍቅ ሰው የለም፤ የተሳሳተውን ደግሞ ራሳችሁ በነፃ ማስነሳት ትችላላችሁ።

ከመሰናበቴ በፊት ቤታችሁን፣ ክፍላችሁን ወይም ቤዝመንታችሁን ለወገን የምታከራዩ አድማጮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ተከራያችሁ በእጅ ሲከፍላችሁ ደረሰኝ ስጡት። ሲወጣ ደግሞ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ስንት ይከፍል እንደነበርና በሰዓቱ መክፈሉን የሚገልጽ፣ ስማችሁና ስልካችሁ ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉለት። ለእናንተ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለሱ የሚቀጥለውን ቤት የሚከፍትለት ወረቀት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ጻፉለት።